ያልተጠራችው አበልጅ

ራዶይካና ፐርሲዳ ጓሯቸው በአንድ አጥር የሚዋሰን ጎረቤቶች ብቻ አልነበሩም፤ ራዶይካ የፐርሲዳን ልጅ ክርስትና አንስታለች። በሚኖሩበት በባናት ገጠር ደግሞ አበልጅ ከእህት አያንስም። ፋሲካ ሲደርስ፣ ወይም አንዳቸው የቤታቸውን ቅዱስ ሊዘክሩ ሲሰናዱ፣ በፐርሲዳ ጓሮ ትልቁን ድስት ጥደው ዶሮ አብረው ያርዱ ነበር። ፐርሲዳ ላባ ትነጫለች፤ ራዶይካ ሆድ ዕቃ ታወጣለች። ሐሞት አፍስሳ አታውቅም። መንደሩም ይህን ያውቅላታል፤ እሷም መታወቁን ትወደው ነበር።

አንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ጠዋት ራዶይካ ልብስ ስታሰጣ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ፐርሲዳ በር ላይ ቆመ። ሰዎቹ መጀመሪያ ውስጡ የጎማ ጣቶች የተሰኩበት የብረት በርሜል አወረዱ፤ የላባ መንጫ ማሽን ነው። ቀጥለው ትልቅ ማቀዝቀዣ አወረዱ። በሩን የከፈተችላቸው ግን ፐርሲዳ አይደለችም። ያጎዳ ናት፤ ኦስትሪያ የዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት ሠርታ ባለፈው መኸር የተመለሰችው፣ ፀጉሯን ቀይ የምትቀባው ሴት። ነጭ ሽርጥ አገልድማለች። ከኋላዋ ፐርሲዳ ብቅ አለች፤ እሷም ልክ እንደዚያው ዓይነት ሽርጥ አገልድማለች።

ከማሽኑም ከማቀዝቀዣውም ይልቅ ራዶይካን የወጋት የሽርጦቹ መመሳሰል ነው።

"ምን ጉድ ነው አበልጄ? ፋብሪካ ልትከፍቺ ነው እንዴ?" አለች ከአጥሩ ማዶ፣ ሳቅ እያለች።

"ኧረ የምን ፋብሪካ!" አለች ፐርሲዳ ፊቷ ቀልቶ። "ሳምንቱን ያው መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ስጠርግ እውላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚሁ ማድቤት ውስጥ ለሰው ዶሮ አርደን፣ አጽድተን፣ ቆራርጠን እንሰጣለን፤ ዶሮ ለሌለውም እንሸጣለን። ያጎዳ ሥራውን ታውቀዋለች። ፈቃዱንም እሷው ናት የጨረሰችው።"

"እሰይ፣ እሰይ። እግዜር ይባርክላችሁ።"

ይህን ያለው አፏ ነው። ሆዷ ሌላ ነገር አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ራዶይካ ከመጋረጃው ጀርባ አትጠፋም። ከቭርሻትስ ከተማ ሳይቀር መኪና እየመጣ ይቆማል፤ ሰዉ ዶሮውን በሣጥን አስገብቶ በፌስታል ይዞ ይወጣል። ማሽኑ ሲያጓራ ጥርሷን ትነክሳለች። ማሽኑ ቆሞ የሁለቱ ሴቶች ሳቅ ሲሰማ ግን ይብስባታል። ምን ቢያወሩ ነው እንዲህ የሚስቁት? ሃያ ዓመት ሙሉ ከፐርሲዳ ጋር ዶሮ ስታርድ እንዲህ አስቃት ታውቃለች? አስታወሰች፣ አስታወሰች፤ ያሳቀቻት ይመስላታል፣ ግን እርግጠኛ መሆን አቃታት።

"አንቺ ሴትዮ፣ መጋረጃው ተበሳ እኮ" አለ ባሏ ቡዲሚር ጋዜጣውን ሳያወርድ። "ያን ያህል ካማረሽ ሂጂና ግቢ።"

"ሳልጠራ? ሞቼ እገኛለሁ!"

አንድ ቀን አልቻለችም። የባሏን እህት ልካ ከእነፐርሲዳ አንድ ዶሮ አስገዛች። ጠረጴዛ ላይ አጋድማ መነጽሯን አደረገች። አሸተተችው። ክንፉን ገልጣ የላባ ስር ፈለገች። ሆዱ ውስጥ እጇን ሰድዳ የተረሳ ሳንባ ዳበሰች። ምንም የለም። አንዲት የተቀደደች ቆዳ እንኳ ብታገኝ ነፍሷ ታርፍ ነበር። ዶሮው እንደ ሙሽራ ጸድቷል። በንዴት ድስት ውስጥ ወርውራ ሾርባ ሠራችው።

"ዛሬስ እጅሽ ተባርኳል!" አለ ቡዲሚር ሁለተኛ ሳህን እያስጨለፈ። "ከየት ያመጣሽው ዶሮ ነው?"

"ብላና ዝም በል!"

ክፉው ነገር የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ራዶይካ አስባበት አልነበረም። አያ ቦጎሳቭ ሱቅ ዱቄት ልትገዛ ገብታ ሴቶቹ ስለ ፐርሲዳ ሲያወሩ ደረሰች። አንዷ ለልጇ ሠርግ አርባ ዶሮ እንዳዘዘች እየተናገረች ነበር።

"አንቺ ጎረቤቷ ነሽ፤ እንዴት ነው ሥራቸው?" ብላ ጠየቀቻት።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች ራዶይካ። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። "ብቻ... ባለፈው ሳምንት አንገታቸው የወደቀ፣ የታመሙ ዶሮዎች በጓሮ በር ሲገቡ አይቻለሁ። እንግዲህ ለሰው ያብሉት ወይም ይቅበሩት፣ እሱን አላየሁም።"

ራዶይካ ዱቄቷን ይዛ ወጣች። እቤቷ እስክትደርስ ድረስ ልቧ ደስ ብሎት ነበር፤ በሩን ስትከፍት ግን ደስታው የት እንደገባ አላወቀችም።

ወሬው ከመኪና ይፈጥናል። በሳምንቱ የሠርጉ ትእዛዝ ተሰረዘ። በሁለተኛው ሳምንት ከቭርሻትስ የመጣ መኪና አልነበረም። ማሽኑ ዝም አለ፤ ሳቁም አብሮ ዝም አለ። ራዶይካ የተመኘችው ጸጥታ መጣላት፤ መጋረጃው ጋ ብትቆምም የሚታይ ነገር የለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ፐርሲዳ ናት። ዓይኗ አብጧል።

ራዶይካ ለእንግዳ እንደሚደረገው አንድ ማንኪያ የቼሪ ማርማላታ ከብርጭቆ ውሃ ጋር አቀረበችላት። ፐርሲዳ ማንኪያውን ይዛ አለቀሰች።

"ማን ነው እንዲህ የጠላኝ አበልጄ? ማንን በድዬ ነው? የታመመ ዶሮ ታርዳለች አሉኝ እኮ! የእንስሳት ሐኪሙ እንኳ መጥቶ አይቶ ምንም አላገኘም፤ ሰው ግን አያምንም።"

ራዶይካ ለወራት አምቃ የያዘችው ነገር አመለጣት።

"እኔን ግን ለምን ሳትጠሪኝ ቀረሽ?"

ፐርሲዳ እንባዋን ጠርጋ በመገረም አየቻት።

"ጠርቼሽ ነበር እኮ! በገና ሰሞን፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ። 'ዶሮ በሞላበት መንደር ማን ዶሮ ሊገዛሽ ነው? ለራስሽ ዶሮዎች ልትሸጪላቸው ነው?' ብለሽ ሳቅሽብኝ። ቡዲሚር ሲገባ ደግመሽ ነገርሽው፤ እሱም ሳቀ። አፈርኩ። ሁለተኛ መጠየቅ ከበደኝ።"

ራዶይካ ትዝ አላት። መሳቋ ብቻ ሳይሆን በሳቋ መደሰቷም ትዝ አላት። "እኔ ነኝ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን "ውሃውን ጠጪ" ብቻ አለች።

ሲነጋ እግሯ እንደ ድንጋይ እየከበዳት ሱቅ ሄደች። ሱቁ በሰው ሞልቷል፤ ያጎዳም ዳቦ መደርደሪያው ጋ ቆማለች።

"አያ ቦጎሳቭ፣ ስለ ፐርሲዳ ዶሮ የሚወራው ውሸት ነው" አለች ራዶይካ።

"አንቺው አይደለሽ እንዴ ያወራሽው?" አሉ ሽማግሌው ሚዛናቸውን ትተው።

"እኔው ነኝ። ውሸቴን ነው። ያየሁት የታመመ ዶሮ የለም። ቅናት ነው ያስባለኝ።"

ያጎዳ ዳቦዋን አስቀምጣ ፊቷ መጥታ ቆመች።

"አንቺ ትነግሪያታለሽ ወይስ እኔ ልንገራት?"

"እኔ እነግራታለሁ።"

ነገረቻት፤ የግቢው በር ላይ ቆማ፣ ምንም ሳትቀንስ። ፐርሲዳ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አዳምጣ ስትጨርስ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትደረግመው ኖሮ ለራዶይካ ይቀላት ነበር።

ያን በጋ አንዷ ለሌላዋ እግዜር ይስጥልኝ ሳትል ከረመች። ደንበኞቹ አንድ ባንድ ተመለሱ። ራዶይካ ማሽኑን ስትሰማ አሁንም ትበግናለች፤ ልዩነቱ፣ አሁን የምትቆጣበት ሰው ራሷ መሆኗ ነው።

ኅዳር ላይ የመላእክት አለቃ የሚካኤል በዓል ተቃረበ፤ ግማሹ መንደር የሚዘክረው እሱን ነው። በዋዜማው ሰሞን ያጎዳ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራትታ የእጇን አንጓ ሰበረች። የዶሮው ሣጥን ጓሮውን ሞልቶታል። ፐርሲዳ አጥሩ ጋ መጣች።

"ራዶይካ፣ ቢላሽን ይዘሽ ነይ" አለች። አበልጄ አላለችም።

ራዶይካ ሮጠች። ቀኑን ሙሉ ሆድ ዕቃ አወጣች፤ አንድም ሐሞት አልፈሰሰም። ፐርሲዳ የምታናግራት "ባልዲ" እና "ውሃ" ለማለት ብቻ ነው። ያጎዳ እጇን በጄሶ አስራ ወንበር ላይ ተሰይማ ታዛለች።

"ጉበቱን ለብቻ፣ ልቡን ለብቻ! ኦስትሪያ ብትሆኚ ይሄኔ ተባረሻል!"

"ኦስትሪያ ብሆን በዚህ ምላስሽ አንቺ ነሽ የምትባረሪው!" አለች ራዶይካ።

በዓሉ አለፈ፤ ራዶይካን በቃሽ ያላት አልነበረም፣ በቀጣዩ ቅዳሜም መጣች። በሦስተኛው ላይ ወለሉን እያጠበች ሳለ ሁለቱ ሴቶች ኮታቸውን ደርበው ወደ ፐርሲዳ መኪና ሲሄዱ አየች። ቭርሻትስ ሄደው ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ሊመርጡ ነው። ያ የምታውቀው ቅናት ተነሣባት። ሁለቱ ይሄዳሉ፣ መንገድ ላይ ይስቃሉ፣ እሷ ደም ታጥባለች። መጥረጊያውን እንደያዘች ተከትላቸው ወጣች።

"እኔም እመጣለሁ!" ብላ ጮኸች።

"መኪናው ሁለት ሰው ነው የሚይዘው" አለች ያጎዳ።

"መሐል እቀመጣለሁ!"

"መሐል ማርሹ ነው ያለው!"

"እታቀፈዋለሁ! ትታችሁኝ ብትሄዱ እዚህ ቆሜ በቅናት እፈነዳለሁ፤ ይኸው ቀድሜ ነገርኳችሁ!"

ፐርሲዳ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ራዶይካ አለቀሰች ብላ ደነገጠች፤ ፐርሲዳ ግን እየሳቀች ነበር።

"ጫማሽን ቀይሪ" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "በዚህ ቦት ጫማ መኪናዬ ላይ አትወጪም።"

ራዶይካ ጫማዋን ለመቀየር ወደ ቤቷ በረረች። እስክትመለስ ትተዋት እንዳይሄዱም መጥረጊያውን የመኪናው ጎማ ሥር ሸጉጣ ነበር።