መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጉዳይ በእጄ ሲያልፍ ኖሬ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ እንደ ጀማሪ ተታለልኩ። ያታለለኝ ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። መንገዱ ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ደግ ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ያህል ነገረኝ። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ከገበያ ተመልሼ በሬ ላይ ቆምኩ። ቁልፉ በእጄ ነው። ግን ለምን እንደያዝኩት ጠፋኝ። ብዙ አልቆየም፤ ስልክ አንሥተው ሃሎ እስኪሉ ያለችውን ቅጽበት ያህል ናት። ከዚያ መጣልኝ፣ ከፍቼ ገባሁ፣ ሽንኩርቴን አስቀመጥኩ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቁልፉን አገላብጬ አየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን እርጅና ነው ብሎ ይስቃል። እኔ ግን የአራት መቶ አሥራ ሁለት ደንበኛ ስልክ ቁጥር በቃሌ የያዝኩ ቴሌፎኒስት ነበርኩ። ደብተር ገልጬ አላውቅም። በሳምንቱ ደግሞ የጎረቤቴ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰብኝ።

ልጄ እንዳይሰማ፤ ጭንቀቴ ይኸው ብቻ ነበር። ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ቢሰማ በዚያው ቀን ዕቃዬን ጭኖ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤቱ ያስገባኛል። ሚስቱ መልካም ሴት ናት፣ ክፉ አላወራባትም። ግን ጨው የት እንዳለ ጠይቄ የምኖርበት ቤት የኔ ቤት አይደለም። አባቱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት በራሴ ቁልፍ ገብቼ በራሴ ቁልፍ ወጥቻለሁ። ይህን አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ቆረጥኩ።

ስለ መርሳት በሽታ ማንበብ ፈለግሁ። ኮምፒውተር አለኝ፣ ልጄ ነው የገዛልኝ። ችግሩ እሑድ እሑድ እየመጣ ይቀመጥበታል፤ ልጥረግልሽ ይላል። አንድ ጊዜ የየትኛዋን ዘፋኝ ፍቺ እንዳነበብኩ ሳይቀር ቆጥሮ ስቆብኛል። ስለዚህ እግሬን አንሥቼ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። አንዲት ጓደኛዬ ናት የጠየቀችኝ አልኩት፣ ያ የተለመደ ውሸት።

“ጥቁሩን፣ የምስጢሩን መስኮት ይክፈቱ እማማ” አለኝ፣ ለጓደኛዬ ሳይሆን ለኔ። “በዚህ ገብተው አንብበው ሲዘጉት ሁሉም ይጠፋል። ማንም አያውቅም። ኮምፒውተሩ ራሱ አያውቅም።”

“ማንም?”

“ማንም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬን እቆልፋለሁ፣ መጋረጃዬን እስባለሁ፣ ጥቁሩን መስኮት እከፍታለሁ። በሽታው ያለባቸው ሰዎችና ልጆቻቸው የሚጽፉበት አንድ ገጽ አገኘሁ። አነባለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ። እሑድ ልጄ መጥቶ ይጠርጋል፣ ምንም አያገኝም። በውስጤ ምን ያህል እንደተኩራራሁ አልነግራችሁም።

ሰባት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ ኢንተርኔቱ መንቀርፈፍ ጀመረ፤ አንዱ ገጽ እስኪከፈት ሻይ አፍልቼ እመለሳለሁ። ልጄ የሚሠራው ለሰፈራችን ኢንተርኔት የሚያቀርብ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ምን ትሠራለህ ስለው መስመር እጠግናለሁ ይለኛል። መሰላል ተሸክሞ ሲሄድ ስለማየው ሥራው መሰላል መውጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። “እሑድ አየዋለሁ” አለኝ። እኔ እሑድን የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። በማግሥቱ ጠዋት ቢሮው ሄድኩ።

ሁለት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ሥር የሽቦ ጥቅል፣ ጥግ ላይ መብራታቸው ብልጭ ድርግም የሚል ሳጥኖች። ብልጭታው የድሮ ሥራዬን አስታወሰኝ። እግሬ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ጥግ ወሰደኝ።

የኛ የስልክ ማዞሪያ ቤት ከፖስታ ቤቱ ጀርባ አንድ መስኮት ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች። እኔና የሥራ ጓደኛዬ ቀጭኗ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ቀጭኗ የሚለው ስም የወጣላት በልጅነቷ ነው፤ በኋላ በሩን ሞልታ ስትገባም ቀጭኗ ነበረች። ፊታችን ያለው ሰሌዳ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ሰው ቤት። መብራቷ ብልጭ ስትል ገመዱን እሰካለሁ፣ “ማዞሪያ፣ ከማን ጋር?” እላለሁ፣ ሌላውን ጫፍ እሰካለሁ፣ የመስሚያዬን ማብሪያ እዘጋለሁ። ከዚያ ወዲያ መስማት የለም። አለቃችን ከሰሌዳው በላይ በቀይ ቀለም አስጽፎብናል፦ አገናኝተሽ ውጪ።

እንወጣም ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ገመዱ እኮ ፊቴ ላይ ነው። ማን ማንን እንደጠራ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ዓይኔን ጨፍኜ ካልተቀመጥኩ በቀር እንዴት አላይም? አንድ ቃል ሳልሰማ የከተማውን ገበና አውቀው ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ከመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጋር እንደምትጋባ ከእናቷ በፊት አውቄያለሁ። በየቀኑ አርባ ደቂቃ ስለ ራስ ምታት ክኒን የሚያወራ ሰው የለማ።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! የሞቀ አቧራና የጎማ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ዝናብ ሲጥል መስመሩ ሁሉ ይንጫጫል፣ ቀጭኗ ገመዶቹን በሻርፗ እየጠረገች “ደግሞ ማልቀስ ጀመሩ” ትላለች። ማታ ስንወጣ የጣታችን ጫፍ ከመሰኪያው ናስ የተነሣ አረንጓዴ ነው፤ በሳሙና አይለቅም። ገበያ ላይ እጄን ያየ ሁሉ ማን እንደሆንኩ ያውቃል፣ በአክብሮትም በፍርሃትም ቦታ ይለቅልኛል። አሁን ቀጭኗም የለችም፣ ክፍሏም የጫማ መጋዘን ሆናለች።

“እማማ፣ ልጅዎ ጣሪያ ላይ ነው” አለኝ የሥራ ባልደረባው፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ጎልማሳ። “ይቀመጡ፤ እኔ ልየው።” ትንሽ ነካካና ማሽኑን ወደኔ አዞረው። “ይሄው፣ ይሄ የእርስዎ መስመር ነው።”

ዝርዝር ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የተገባበት ገጽ ስም፣ የቆይታ ደቂቃ። የአየር ሁኔታ፣ አራት ደቂቃ። የሹራብ ሥራ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ከሥሩ ያ የኔ ገጽ፣ ስሙ ከነሙሉ ፊደሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት፣ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። በፊተኛውም ቀን። ከዚያ በፊት ባለውም ቀን። ወረድ ባለ ቁጥር እሱው ነው።

“ይህ እኮ በጥቁሩ መስኮት ነው የተከፈተው” አልኩ፤ አፌ ቀደመኝ።

ባለመነጽሩ ሳያሾፍብኝ ፈገግ አለ። “ጥቁሩ መስኮት ቤትዎ ውስጥ ማስታወሻ አይተውም እንጂ መንገድ ላይ አይደብቅዎትም። ከዘጉት በኋላ ያ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ሰው ምንም አያገኝም። እኛ ግን ወዴት መሄድ እንደፈለጉ ካላወቅን በምን እናደርስዎታለን?”

“የማነበውንም ታያላችሁ?”

“ኧረ አናይም። እሱ ተቆልፎ ነው የሚያልፈው። የገጹን ስም፣ ሰዓቱን፣ ምን ያህል እንደቆዩ፤ እሱን ብቻ ነው የምናየው።”

እሱን ብቻ ይለኛል። ለኔ! በዚያው በ“እሱን ብቻ” የአንድ ከተማ ሰው ሆድ ሳነብ ለኖርኩት። መሃል ላይ ተቀምጣ ያረጀች ሴት፣ የራሷ ጉዳይ ሲሆን መሃል ላይ ሰው እንዳለ ጠፋት።

“ምንም መደበቂያ የለውም?”

“ቪፒኤን የሚሉት አለ። በሌላ ድርጅት በኩል አዙሮ ያሳልፍዎታል። እኛ ወደዚያ ድርጅት መሄድዎን እናያለን፣ ከዚያ ወዲያ አናውቅም። እነሱ ግን ያውቃሉ።”

“ቴሌፎኒስት መቀየር ነው በለኛ።”

“እንደሱ ይበሉት” አለ።

“የኔን መስመር ማነው የሚያየው?”

“ልጅዎ ብቻ። ከክረምት ወዲህ የእናቴን መስመር ማንም እንዳይከፍት ብሎ ራሱ ይዞታል። ዛሬ እሱ ስለሌለ ነው የነካሁት፣ አይናገሩብኝ።”

ተቀምጬ ልጄን ጠበቅሁት፤ ስጠብቅም ያሰብኩት የከተማችንን ሰዓት ሠሪ ነው። ሰዓት ሠሪው ከእኅቱ ጋር የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነበር። ሰኞ ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ትልቁ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ይደውላል። በመጀመሪያ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት። እኔ ነኝ የማገናኘው። እኅቱ ወዳጄ ናት፣ አትክልት አብረን ነው የምንገዛው። አንድ ቀን ቲማቲም እየመረጥን “ወንድሜ ምን ነካው? ከሰው ራቀብኝ” አለችኝ። “እኔ ምን አውቃለሁ?” አልኳት። አገናኝተሽ ውጪ። ሰዓት ሠሪው በሁለት ወሩ ሞተ፣ ሕመሙን ለማንም ሳይነግር። ለቅሶ ቤት ውስጥ እጄን ይዛ “ታውቂ ነበር?” አለችኝ፣ እኔም “የለም” አልኳት። ያን “የለም” እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። ከብዙ ነገር አንዱን መርጠሽ እርሺ ቢሉኝ እሱን እረሳ ነበር፤ እሱ ግን አይጠፋም።

ልጄ አቧራ ለብሶ፣ የሽቦ ጥቅል ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። አየኝ፣ ማሽኑ ወደኔ መዞሩን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። ባለመነጽሩ አስተዋይ ነው፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣልን።

“ታውቅ ነበር?” አልኩት።

“አውቅ ነበር” አለኝ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጀመሪያው ሳምንት።”

ደሜ ፈላ። በምን ድፍረትህ አየህ ልለው ነበር አፌን የከፈትኩት። የወጣው ግን ሌላ ነው። “ሰባት ወር ሙሉ ዝም አልከኝ?”

“ምን ልበልሽ እማዬ? የሰው መስመር አይወራም እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ? መጋረጃ ዘግተሽ፣ ደብቀሽ ነው የምታነቢው። እንዳላውቅ ፈለግሽ። እሑድ እሑድ የምመጣው ትነግሪኝ ይሆን ብዬ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ ምን የሚጠረግ አለው?” ድምፁ ተሰበረ። “አንድ ቀን ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ቆየሽ። ምን አንብባ ይሆን እያልኩ ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ።”

አንጀቴን በላው። እኔ መጋረጃዬን ስቤ ብቻዬን ስፈራ፣ ይህ ልጅ እዚህ ማሽን ፊት ቁጭ ብሎ ደቂቃዬን እየቆጠረ ብቻውን ሲፈራ ኖሯል። ሰዓት ሠሪውና እኅቱም አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ነበሩ።

“ያ ደንብ የደሞዝተኛ ነው” አልኩት። “የእናትና የልጅ አይደለም። እኔም ዘግይቼ ነው የገባኝ።”

“ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ።”

“ቁልፌን አልሰጥህም።”

“ማን ጠየቀሽ?”

“ትጠይቃለህ።”

“እማዬ፣ ቁልፍሽን ያዢ። ሐኪም ጋ ብቻ እንሂድ።” የሽቦውን ጥቅል ወለሉ ላይ አውርዶ እላዩ ላይ ተቀመጠ። “ሃምሳ ሁለቱ ደቂቃ ምን ነበር?”

“ለልጅ እንዴት እንደሚነገር ነበር” አልኩት። “ሃምሳ ሁለት ደቂቃ አንብቤ አልገባኝም።”

ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ሞልቷል። ምን ምን ጠፋሽ አለኝ። ስለ ቁልፉ ነገርኩት፣ ስለ ጎረቤቴ ስም ነገርኩት። ከዚያ ለዚያ ገጽ ሰዎች እንኳ ጽፌ የማላውቀውን ነገርኩት።

“የአባትህ ድምፅ ጠፋኝ።”

አባቱ የጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ ከየደረሰበት የሚደውለው በኔው ሰሌዳ በኩል ነው። የትዳራችን ግማሽ ያለቀው በገመድ ነው ብል አላጋነንኩም። አሁን ፊቱ አለ፣ እጁ አለ፣ የሸሚዙ አንገት አለ። ድምፁን ስፈልገው የለም። የሌላውን ሰው ሁሉ ድምፅ አገናኝቼ የባሌን እኔው ጣልኩት።

ልጄ ቡጢውን እንደ ስልክ ጆሮው ላይ አደረገና አንገቱን ቀብሮ፣ ድምፁን አጎርንኖ፣

“ሃሎ፣ ማዞሪያ” አለ። “እባክሽ ከራስሽ ጋር አገናኚኝ።”

እውነትም አባቱ እንዲህ ነበር የሚለው። ቤት ውስጥ እንኳ ሲያኮርፍ እንዲህ ብሎ ነው የሚታረቀኝ።

“አይደለም” አልኩት ቶሎ ብዬ። “እሱ እንዲህ አያጎረንንም። ቀጠን ይላል፤ ‘ራስሽ’ የሚለው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሳቅ ይቀላቅላል።”

ልጄ ቡጢውን ሳያወርድ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አፌን በእጄ ያዝኩ።