ውሃ የያዘችው ጀልባ

«እኔ ኦሞን ዋኝቼ የተሻገርኩ ልጅ ነኝ!» አለች አቢጊያ። ይህን ያለችው ጂንካ፣ በአባቷ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው፤ የልጆቻቸውን ዩኒፎርም ሊያስለኩ በመጡ ሴቶች ፊት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «አዞውንም ዞር በልልኝ ስለው ዞር አለልኝ።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ክረምቱን ኦሞራቴ አክስቷ የሺሃረግ ዘንድ ስትከርም ገብታ የተንቦጫረቀችበት ውሃ ቢኖር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ወንዙንማ አንድ ቀን ተሻግራለች። ያኔ ድልድይ አልነበረምና እንደማንኛውም ሰው በታንኳ፣ ያውም የአክስቷን ቀሚስ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና። ግን ይህን ማን ጠየቃት? ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው «አቤት!» አሉ። ለእሷ ይኸው በቃት።

ለአባቷ ግን አልበቃውም። ተስፋሁን ከእሷ በቀር ልጅ የለውም። ነገሩን በሆዱ ይዞ ሦስት ሳምንት ሲሰፋ ሰነበተና አንድ ቀን ጠራት።

«ኦሞራቴ ላይ የሸራ ጀልባ ውድድር ሊደረግ ነው አሉ። ወላጅ ከልጁ ጋር ሆኖ ነው የሚወዳደረው። ዳርጌ የሚባል ሰው ደግሞ ያገለገሉ የውድድር ጀልባዎች አሉት። መራጯ አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ኦሞን ዋኝቶ የተሻገረው ማነው? እኔ ነኝ?»

አቢጊያ ሰበብ ስትፈልግ እሱ ጎንበስ ብሎ ከስፌት መኪናው ሥር ትልቅ ነጭ ሸራ ጎተተ። ሰፍቶ ጨርሶታል። መሃሉ ላይ በቀይ ክር ስሟ ተጠልፏል።

ቅዳሜ በአይሱዙ ተሳፈሩ። ጋቢናው ውስጥ በሾፌሩና በአባቷ መሃል ተጣብቃ ተቀመጠች፤ ሸራው ጭኗ ላይ እንደ ከረጢት እህል ከብዷታል። በስተቀኝ አባቷ፣ በስተግራ ማርሹ፤ መውጫ የለም። ቀይ አፈር ከተማ ሲደርሱ «ሆዴን አመመኝ» አለች።

«ወንዙ ናፍቆሽ ነው» አለ አባቷ።

«ወንዝ እንደ ሰው ይናፍቃል?» አለ ሾፌሩ።

«ኦሞን ዋኝታ የተሻገረች ልጅ እኮ ናት!»

ኦሞራቴ እስኪደርሱ ፊቷን ሸራው ውስጥ ቀበረች።

ዳርጌ ዕድሜውን ወንዙ ላይ የጨረሰ፣ አሁን ፍየል የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ጀልባዎቹ ሁለት ናቸው፤ ፈረንጆች ታች ወንዙ የሚገባበት ሐይቅ ላይ ሲወዳደሩባቸው ከርመው ጥለዋቸው የሄዱ። ሁለቱም ከወንዙ ራቅ ብለው አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ቀይ ቀለም የተቀባች፣ ንጹሕ፣ ውስጧ ደረቅ ነው። ሁለተኛዋ ጎኗ የተፋቀ፣ እስከ ግማሿ አረንጓዴ ውሃ የተኛባት፤ ፍየሎች አንገታቸውን አስገብተው ይጠጡባታል።

አቢጊያ አየቻቸውና ልቧ ትንሽ መለስ አለ። ውሃ የገባባት ጀልባ የተቀደደች መሆን አለባት። የተቀደደች ጀልባ ደግሞ ወንዝ አትገባም። ዳርጌ ይስቅብናል፣ አባዬም ተናዶ ወደ ጂንካ ይመልሰኛል፣ እኔም «ጀልባ ጠፍቶ ነው እንጂ» እያልኩ እኖራለሁ ስትል አሰበች።

«ይቺ!» አለች፣ ፍየሎቹን እያሳየች።

«ይቺ ቆሻሻ?»

«አባዬ፣ አንተ ጨርቅ ምረጥ። ጀልባ ለኔ ተው።»

ዳርጌ አልሳቀም። ራሱን ነቀነቀ። «ልጅህ ትክክል ናት። ቀይዋ ሆዷ ተሰንጥቋል፤ ቀለም ነው የደበቀው። ውሃ ብጨምርባት አትይዝም። ይቺ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የፍየል ውሃ ይዛለች፤ ጠብ አላለችም።»

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። አባቷ በኩራት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ውሃው ተደፋ፣ ምሰሶው ቆመ፣ ሸራው ታሰረ። ነፋሱ ሲነፋው ስሟ ተወጥሮ «አቢጊያ» የሚለው ከማዶ ይነበባል። ከውድድሩ በፊት ሊሞክሯት ጀልባዋን ገፍተው ዳር ላይ አንሳፈፏት። እሷ ከፊት ከምሰሶው ጋር፣ አባቷ ከኋላዋ ጉልበቱን ግራና ቀኝ አድርጎ ተቀመጡ። መነሳት የለ፣ መዞር የለ። ውሃው ቡናማ ነው፤ ከስሩ ምን እንዳለ አይታይም። ዳርጌ ጀልባዋ የታሰረችበትን ገመድ ይዞ ዳር ቆሟል።

ዝም ብዬ ብሞት ይሻለኛል፣ ቢያንስ ስሜን ይዤ እሞታለሁ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

አባቷ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ። «አቢዬ፣ አንድ ነገር አልነገርኩሽም። እኔ መዋኘት አልችልም። ብንገለበጥም ግን አንቺ ታወጪኛለሽ፤ እሱን አምኜ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ቀና ብሎ «ልቀቀው!» አለ።

«እንዳትለቀው!» ብላ ጮኸች። ፍየሎቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ። «አባዬ፣ እኔም አልችልም! የዋኘሁት ሳፋ ውስጥ ነው!»

«ምን ውስጥ?»

«ሳፋ! የእቴቴ የሺሃረግ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ!»

ዳርጌ ገመዱን ስቦ ወደ ዳር አወጣቸው። ተስፋሁን አሸዋው ላይ ወረደ። አልቆጣትም፤ ቢቆጣት በተሻላት። «እና ሁለት ድንጋይ ተያይዘን ልንገባ ነበር በይኛ» አለ ብቻ። ሸራውን ፈትቶ፣ ስሟን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ አራት ቦታ አጠፈው።

ሜዳው ከጋቢናው ይበልጥ ጠበባት። የሆነ ነገር ካላለች ልትፈነዳ ነው።

«ቢሆንም» አለች አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ፣ «ደህናዋን ጀልባ ገና ሳያት የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ዳርጌ ጀልባዋን ወደ አሸዋው እየጎተተ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ፍየሎቼም የመረጡት እሷኑ ነው።»