ጋሼ ዘውገ የማያውቁት ፈረስ

ረዲ በዕድሜው ለሰው በነጻ ሰጠ ከተባለ የሰጠው ምክር ነው። እህል በረንዳ ውስጥ ለከብት መኖ ፉርሽካና ፋጉሎ መሸጥ ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ሲሆን፣ ጎረቤቶቹ «ረዲ ሚዛን ላይ ዝንብ ብታርፍ ዝንቧንም ያስከፍላል» ይሉታል። እንግዲህ ያ ፈረስ ከመርካቶ ደጃፍ ሁሉ መርጦ እሱ ደጃፍ ላይ ሊሞት ሲመጣ ያየ ሁሉ ቢስቅ አይፈረድበትም።

የጋሪ ፈረስ ነበር። መልኩ ዳማ ነው፤ ያውም መልክ የሚባል ነገር ተርፎት ከሆነ። ጎድኑ አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል፣ ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ አለ፣ የኋላ ግራ እግሩን መሬት አያስነካም። ሦስት ቀን ሙሉ አስፋልቱ መሀል ቆሞ ነበር። የተጣለ ፈረስ መኪና መሀል የሚቆመው ሞት ናፍቆት አይደለም፤ መኪናው ሲያልፍ ነፋሱ ዝንቡን ከቁስሉ ላይ ስለሚያባርርለት ነው። በአራተኛው ቀን መቆም ሲያቅተው እያነከሰ መጣና ረዲ ሱቅ ፊት ተዘረጋ።

ወዲያው የቀበሌው ጥበቃ ደረሰ። «ባለቤቱ ካልታወቀ በድኑን የሚያስነሳው ባለ ደጃፉ ነው» አለ። ይህን ደንቡ ይበለው ጥበቃው ይፍጠረው የጠየቀ የለም።

ባለቤቱንማ ማን አጥቶት! ጋሼ ዘውገ ናቸው። ስምንት ዓመት በዚህ ፈረስ ከእህል በረንዳ እህል ያመላለሱ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የእድር ዳኛ የሆኑ፣ ቀብር ላይ አምስት ደቂቃ ያረፈደን የሚቀጡ ጨዋ ሰው። በዚያ ሰሞን አሮጌ አይሱዙ ገዝተው ጋሪውን ፈልጠው ሸጠውታል። በሱቁ ፊት ሲያልፉ ረዲ ጥበቃውን ይዞ አስቆማቸው።

«ጋሼ ዘውገ፣ ፈረስዎ ወድቋል።»

ጋሼ ዘውገ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ፈረሱን ከጆሮው እስከ ጭራው አዩት። ፈረሱም ቀና ብሎ አያቸው።

«ይኼን በድን አላውቀውም» አሉና ማርሽ አስገቡ።

ረዲ መላ ዘየደ። ፈረሱ መሞቱ ካልቀረ ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ይሙት። ከወለል የጠረገውን ፉርሽካ በጣሳ አርጥቦ አፍንጫው ሥር አደረገና ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለ ወደ ጎረቤቱ ወደ ጠሀ ሱቅ ይጎትተው ጀመር። በሁለተኛው ቀን ፈረሱ ተነሳ። በሦስተኛው ቀን ጠሀ ደጃፍ ድረስ ተከተለው፤ ረዲም ደስ ብሎት እጁን አራግፎ ተመለሰ። ዘወር ሲል ፈረሱ ከኋላው ቆሟል። ፉርሽካው የሚመጣው ከየት እንደሆነ ገብቶታላ!

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለ ጠሀ በሳቅ እየፈረሰ። «ልታባርረው እየቀለብከው እኮ ነው!»

ከዚያ በኋላ ረዲ ያደረገውን ሁሉ ለሱቁ ሲል ነው ያደረገው፤ ቢጠይቁት እንዲህ ነው የሚለው። ዝንቡ ደንበኛ ስላሸሸበት ገጣባውን በጨው ውሃ አጠበ፤ ጂቪ የሚባለውን የቁስል ቀለም ገዝቶ ቀባ፤ ጣቶቹ ወይን ጠጅ ሆነው ሁለት ወር ከረሙ። ማነከሱ ለዓይን ስለሚከብድ ሐኪም አስመጥቶ ሰኮናውን አስጠረበ። የተጠረገው ፉርሽካ ያስለዋል ብሎ ከንጹሑ ከረጢት መዝገን ጀመረ። ሚስቱ ሰአዳ አንድ ቀን ምሳ ይዛለት ብትመጣ ከፈረሱ ጆሮ ሥር ሲያንሾካሹክ አገኘችው።

«አሥራ አምስት ዓመት አብሬህ ስኖር ድምፅህ ዝቅ ማለት እንደሚችል አላውቅም ነበር» አለችው።

ረዲ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በመልኩ ዳማ የሚለው ፈረስ አንገቱን አንስቶ ያሽካካል። በዚህ ዓለም ረዲን ሲያይ ደስ ያለው ፍጡር እስከዚያ ቀን አልነበረም። ደንበኛው ሲያየው ኪሱን ይይዛል፣ ጎረቤቱ ሲያየው ወሬውን ያቆማል። ፈረሱ ግን ይጠራዋል። ረዲ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ያፍራል።

ዓመት ሳይሞላ ዳማ ገላው ያብረቀርቅ ጀመር፤ ሁለት ሦስት ከረጢትም በጀርባው ያደርሳል። አንድ አመል ብቻ ነበረው። የከሰዓት በኋላው የዐስር አዛን ሲሰማ ጆሮውን ያቆምና ገመዱን ይጎትታል። በረንዳው ሁሉ «ፈረሱ ሰላት አያሳልፍም፣ ከባለቤቱ ይሻላል» እያለ በረዲ ይቀልድበታል። ረዲ ግን አልሳቀም። ሁለት ጊዜ ገመዱን በጥሶ ሲሄድ ተከትሎ ነበርና መንገዱን አይቶታል፤ ቁልቁል ወደ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነው የሚወርደው። ሁለቱንም ጊዜ አንዲት ቀጭን ቅያስ አፍ ላይ ደርሶበት መልሶታል። የጋሼ ዘውገ ቤት እዚያ ግድም እንደሆነ ያውቃል፤ በሩን ግን አያውቀውም፣ ማወቅም አልፈለገም። ፈረሱ አሁንም ልቡ ጌታው ጋ ያለ መሰለው። ከዚያ ወዲያ ዐስር ሲደርስ ገመዱን ደርቦ ያስራል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የጋሼ ዘውገ አይሱዙ ሞተሩ ነከሰና ጋራዥ ገባ። አዲስ እህል የሚገባበት ወቅት ነው፣ ጭነት ሞልቷል። ጋሼ ዘውገ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ረዲ ሱቅ ከተፍ አሉ። አንዱ የበረንዳው ትልቅ ሰው ሐጂ ጃፋር፣ ሌላው የእድሩ ጸሐፊ አቶ ወልደሚካኤል ናቸው።

«ፈረሴ ጠፍቶብኝ ሳፈላልግ ከርሜ ይኸው እዚህ አገኘሁት» አሉ ጋሼ ዘውገ።

ረዲ ደሙ ፈላ። «ጋሼ ዘውገ፣ ‹ይኼን በድን አላውቀውም› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ያን ጊዜ በድን ነበራ! አሁን ፈረስ ሆነ። ፈረሴን ደግሞ አውቀዋለሁ።»

ምስክር የሚሆነው ጥበቃ ከሥራው ለቆ አገሩ ገብቷል። ሽማግሌዎቹ የፉርሽካው ከረጢት ላይ ተቀምጠው ግራ ቀኙን ሲያዳምጡ ቆዩ። በመጨረሻ አቶ ወልደሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሰው አፍ ተጣላ። ፈረስ ደግሞ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ እሱው ያድርሰን። ነገ ይፈታ። አቶ ዘውገ ቤት ከገባ የእሳቸው፣ ካልገባ የረዲ ይሁን።»

ጋሼ ዘውገ ግን ነገር ማጥበቅ ይወዳሉ። «ቤቴ ብቻ ለምን? ስንት የማራግፍበት ደጃፍ ነበር! እኔ የማውቀው ደጃፍ ላይ ከቆመ የኔ ነው መባል አለበት።»

ሐጂ ጃፋር ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ይሁን። በሚያውቁት ደጃፍ ከቆመ የእርስዎ፣ በማያውቁት ከቆመ የረዲ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ነገ ዐስር ሰግደን እንመጣለን።»

ዐስር! ረዲ ሌላ ሰዓት ይሁን ብሎ ሊለምን ፈለገ፤ ግን ምክንያቱን ቢጠይቁት ፈረሱ በዚያ ሰዓት ወዴት እንደሚወርድ መናገሩ ነውና ተወው። በማግስቱ ጠዋት ለዳማ ንጹሕ ፉርሽካ በገብስ ለውሶ አቀረበለት። ያለ ልማዱ አንድ ጣሳ ገብስ ጨመረ። «ብትሄድም አልቀየምህም» አለው፤ ውሸቱን ነው።

ሰላቱ አለቀ፣ ገመዱ ተፈታ። ዳማ ማንንም ሳያይ ቁልቁል ወረደ። ከኋላው ሽማግሌዎቹ፣ ጋሼ ዘውገ ደረታቸውን ነፍተው፣ ጠሀና ሥራ የፈታ የበረንዳ ሰው ሁሉ፤ ረዲ ደግሞ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው መጨረሻ ላይ። የጋሼ ዘውገ ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ደጁ ላይ ለምለም ሣር ተጎዝጉዞ ነበር። ሚስታቸው እትዬ ሀና የፈረሱን የድሮ ልጓም ይዘው ቆመዋል። ዳማ አንድ ጉርሻ ሣር ሳይቆም ነጨና እያኘከ አለፈ።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ሀና።

«ቀጥ ብሎ የማራገፍበት ሱቅ እየሄደ ነው» አሉ ጋሼ ዘውገ። «ይህ እኮ ነው ያልኳችሁ! የማውቀው ደጃፍ ሁሉ ይቆጠራል!» እትዬ ሀናም ልጓሙን እንደያዙ ሰልፉን ተቀላቀሉ።

ዳማ ቀጭኗ ቅያስ ውስጥ ታጠፈ። ረዲ ቀና ሲል ጋሼ ዘውገ ሲያልባቸው አየ። ያ ሁሉ የኩራት እርምጃቸው ድንገት ቀዘቀዘ፤ ቀድመው ሲሄዱ የነበሩት ሰውዬ ከጠሀ ጀርባ ገቡ። ፈረሱ አንዲት አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ፊት ቆመና በግንባሩ ሦስት ጊዜ ገፋት።

በሩ ተከፈተ። ፊቷ ክብ፣ ጥርሰ ፍንጭት የሆነች ሴት ብቅል በሰፌድ ይዛ ብቅ አለች። እቴቴ ትባላለች፤ ጠላ ትጠምቃለች።

«ዳምዬ! ሞተህ ነበር አሉኝ እኮ!» አንገቱን አቀፈችው። «ጌታህስ? እሱም በአዛን መጥቶ መሄዱን ከተወ ሰነበተ። ነጠላ ጫማው እንኳ ይኸው አቧራ ጠጣ።» ከዚያ ቀና ስትል ያን ሁሉ ሕዝብ አየች።

ረዲ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባው። ዐስር ሲደርስ ሱቆቹ ለሰላት ይዘጋሉ፤ ጭነት የለም፤ ጋሼ ዘውገም ለስምንት ዓመት በዚያች ሰዓት እድር ቢሮ ነበሩ። ቢያንስ እትዬ ሀና የሚያውቁት እንደዚያ ነው።

ሐጂ ጃፋር ፊታቸው ላይ ምንም ሳይነበብ ዞሩ። «አቶ ዘውገ፣ ወዲህ ቀረብ ይበሉ። ውሉን ያስታውሳሉ። ይህን ደጃፍ ካወቁት ፈረሱ የእርስዎ ነው። ያውቁታል?»

ዳማ ከሰፌዱ ብቅሉን ይቆረጥማል። ጋሼ ዘውገ በሩን አዩ፣ ፈረሱን አዩ፣ እትዬ ሀና እጅ ላይ ያለውን ልጓም አዩ።

«አላውቀውም» አሉ። «ደጃፉንም ፈረሱንም አላውቅም።»

«እንዴ!» አለች እቴቴ ድምፁን ስትሰማ። «ዘውግዬ! አንተም መጥተሃል?»

አቶ ወልደሚካኤል ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ ነበር አባቶች» አሉ ለማንም ሳይሆን። ጠሀ ግድግዳ ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። ረዲ ግን ሳቁ አልመጣለትም፤ ፊቱን ዳማ ጋማ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። ያዩት ሁሉ ለሱቁ ሲል ነው ብለው ተውት።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሀና ልጓሙን ይዘው እህል በረንዳ መጡ። ዓይናቸው አብጧል፤ ነጠላቸው ግን እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ታጥፏል። ልጓሙን ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት።

«ይኼ የፈረሱ ነው፣ ውሰደው» አሉት። ዳማን አዩት። «ረዲ ወንድሜ፣ እስከ ማታ ልታውሰኝ ትችላለህ?»

«ይውሰዱት እትዬ ሀና። ምን ሊጭኑበት ነው?»

«ምንም። ባዶውን ትፈታልኛለህ፤ ሌላ የት የት እንደሚቆም ከኋላው እየሄድኩ አየዋለሁ።»