የተዘለለው እጅ

አምፖንሳ ለቅሶ ቤት ሲደርስ በአገሩ በኩማሲ ወግ ከቀኝ ጫፍ ጀምሮ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ጨበጠ። የልጅነት ጓደኛውን የባዱን እጅ ግን ዘሎ አለፈ። እንግዲህ ለኩማሲ ሰው የተዘረጋን እጅ መተው ፊት ላይ እንደ መትፋት ነው።

ቤታቸው ሲመለሱ አብራው የነበረችው ሚስቱ ሴዋ ጮኸችበት። «ደግሞ አላየሁትም በለኝ! ሰውየው እኮ ግድግዳ ነው የሚያህለው!»

«አላየሁትማ» አለና ቀሪውን ዋጠው። የዓይኑ የጎንና የጎን እይታ እንደሞተ፣ የሞተው እንደማይመለስ፣ የተረፈውም እየጠበበ እንደሚሄድ ሐኪሙ የነገረው ባለፈው ሳምንት ነበር። ለእሷም አልተነፈሰም።

በማግስቱ ጠዋት ባዱ ራሱ መጣ። ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ።

«ምን በድዬህ ነው? አገር እያየ!»

አምፖንሳ «አዎ፣ ተቀይሜህ ነው» ለማለት ቃጣው። ቂም ቢሆን ሽማግሌ ይቀመጣል፣ መጠጥ ይቀዳል፣ ያልቃል። የዓይንን ነገር የትኛው ሽማግሌ ያስታርቃል?

«ዓይኔ እየጠፋ ነው፣ ባዱ» አለ በመጨረሻ።

ከጓዳ የሴዋ ድስት ክዳን ሲወድቅ ተሰማ።

«አትቀልድ!» ባዱ እጁን ከጓደኛው ጆሮ አጠገብ ዘረጋ። «እጄ የት ነው?»

አምፖንሳ ዓይኑን ከባዱ ፊት ሳይነቅል ገመተ።

«ኪስህ ውስጥ።»

ባዱ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ፊት አመጣና የጓደኛውን እጅ ያዘ። ያኔ ተቀመጠ።

«ብትጠላኝ ይሻለኝ ነበር» አለ።