የሎርን ሃጊት ንስሮች

በርናዴት ድሩያር ሎርን ሃጊትን የናቀችው መነጽሩን በጠገነችለት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊትም ትንቀው ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አሞራዎቹ የኢሪ ሐይቅን ዳር ይዘው ወደ ደቡብ ሲነጉዱ፣ ሰውዬው ሐይቁ ዳር ያለው የአሞራ ማያ ማማ ላይ ወጥቶ ከከተማ ለመጡ እንግዶች ሰማዩን ያስጎበኛል። የሾመው ማንም የለም፤ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው። በርናዴት ደግሞ እዚያው ተወልዳ ያረጀች፣ አሞራን በክንፍ አጣጣሉ የምትለይ ሴት ናት።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሎርን የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ ማማው ላይ ወደ ቆመችው በርናዴት መጣ። መሀሉ ላይ ያለችው፣ ስትዞር ምስሉን የምታጠራው ማጥሪያ ላልታ በባዶ ትዞራለች፤ ምስሉ ብታዞራትም ባታዞራትም ያው ጭጋግ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሁለት ዓመት ይሆናታል» አለ ሳያፍር። «እኔስ ለምጃታለሁ። ዛሬ ግን እንግዶቹ እንይባት ቢሉ ምን ይባላል ብዬ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ታዲያ ምን ስታይ ነበር?»

«ንስር ነዋ።»

በርናዴት ካቻቢቴዋን ከመኪናዋ አመጣችና የማጥሪያዋን ክዳን በቢላ ጫፍ ፈንቀል አደረገችው። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ብሎን ተፈትታ ትንቀጫቀጫለች፤ ዙሪያዋን የደረቀ ግራሶና የዶናት ፍርፋሪ ሞልቶታል። የሰውዬው ዝርክርክነት እስከዚህ ድረስ ይገባል ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ጠራርጋ ብሎኗን አጠበቀችና ተመልሳ እንዳትላላ የጥፍር ቀለም ጠብ አደረገችባት። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ሎርን አናቷ ላይ ቆሞ ብሎን እንዴት እንደሚታሰር ሲመክራት ቆየ።

እንግዶቹ ማማውን እንደሞሉት ከዛፎቹ በላይ አንድ ትልቅ ጥቁር አሞራ ብቅ አለ። ክንፎቹን ወደ ላይ ቀስሮ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ እየተወላገደ ይንሳፈፋል። ሎርን መነጽሩን አንስቶ ማጥሪያዋን አዞረ። በርናዴት የምታየው ፊቱን እንጂ ሰማዩን አልነበረም። ጣቱ ድንገት ቆመ፤ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። ንስር የሌለውን መላጣ ቀይ ራስ ጥርት አድርጎ እንዳየው ገባት። እዚያው ላይ ተሳስቼ ኖሯል ቢል ንቀቷን ትተውለት ነበር።

«ንስር ነው» አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልሞላለትም።

ሰዎቹ አጨበጨቡ። አንዲት ሴት እስቲ ልይበት ብላ እጇን ዘረጋች። ሎርን መነጽሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ማጥሪያዋ ተበላሽታለች፣ ምንም አታሳይም አላት።

በርናዴት የራሷን መነጽር ከአንገቷ አውልቃ ለሴትዮዋ ሰጠቻት።

«በዚህ ይዩት» አለች። «ጥንብ አንሳ ነው።»

ሴትዮዋ አየችና ሳቀች፤ ለባሏ አቀበለችው። መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሎርን ቀስ ብሎ ደረጃውን ወረደ። በርናዴት ብሎኗን መልሼ ላላላልህ ወይ ብላ ልትጠይቀው አሰበች፤ ለእሱ ቃል ማባከን ግን አላሰኛትም።