የማይለዋወጠው ቁጥር

የልጅ ልጄ ሠርፀ ሚኒባስ ይነዳል። ስምሪቱ እንዳደረሰው አንድ ቀን ወደ ኡኬ፣ አንድ ቀን ወደ ሲሬ ይሄዳል። እናቱ ከሞተች ወዲህ ነቀምቴ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። በበጋው ዲናሞው ባትሪውን መሙላት አቁሞ መንገድ ላይ ሲያመሽ፣ በር ላይ ቆሜ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አስጠግኖ ሲመለስ ከመሪው አጠገብ የባትሪውን ቮልት በቁጥር የምታሳይ ትንሽ መስኮት አስገጠመ።

ከዚያ ወዲህ የሄደበት ሲደርስ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ቁጥሩን ደውሎ እንዲነግረኝ አስማልኩት። የእኔን ደም ግፊት ጤና ጣቢያ ሲለኩት ከፍ ዝቅ ማለቱ አይወደድም፤ የመኪናውም እንደዚያ መሰለኝ። ጠዋት አሥራ አራት ነጥብ አራት ብሎኝ ከሰዓት አሥራ ሦስት ነጥብ ሰባት ሲለኝ ደግመህ እይ እለዋለሁ። አንዴ ተሳፋሪ ሞልቶ ሳለ፣ ወርዷልና ንቅንቅ እንዳትል ብዬ አለቀስኩበት። ተሳፋሪው ሁሉ ሰምቶ ሳቀበት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ረጋልኝ። ከኡኬም አሥራ አራት ነጥብ ሁለት፣ ከሲሬም አሥራ አራት ነጥብ ሁለት። እሱን ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ወሬው እያጠረ ሄደ፤ ቤቱም አብሮት ጭር አለ።

ሐምሌ ላይ ዲናሞውን የጠገነውን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዋቅወያን ላመሰግነው ጋራዡ ጎራ አልኩ። በኦሮምኛ «አኮ» ይለኛል፣ አያት ማለቱ ነው። እጅህ ይባረክ፣ ቁጥሩ ፍንክች የለም ስለው መፍቻውን አስቀመጠ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ባትሪው ስለሚጎድልና ስለሚቀዘቅዝ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ሲሞቅ ዲናሞው ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቆሞ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ ከበራ ደግሞ ይብስ ይወርዳል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይመለሳል። ከአሥራ ሦስት ወርዶ አልመለስ ካለ ነው መፍራት፣ አለኝ። ቀጥሎም፣

«አኮ፣ የማይለዋወጥ ከሆነ ወይ መስኮቷ ተበላሽታለች፣ ወይ ልጁ አያያትም» አለ።

ሦስተኛውን እኔ አውቀዋለሁ፤ አይቶ ይደብቀኛል።

ያን ዕለት ሊመሻሽ ሲል ሠርፀ ከሲሬ ደወለ። ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«አሥራ አራት ነጥብ ሁለት ነው፣ እምዬ። መጣሁ።»

«መብራትና መጥረጊያው በርቷል?»

«በርቷል።»

«ቆመህ ነው የምታወራኝ፤ እንግዲያ ያን ያህል አይሆንም። ያየኸውን ንገረኝ፣ ልጄ። አላለቅስም።»

«አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት» አለ።

«ነዳጅ ስጠው እስቲ።»

ሞተሩ ሲያጓራ ሰማሁት።

«ቁጥሩ ከፍ አይልም፣ እምዬ። መብራቱም እየደከመ ነው። ብቻሽን እንዳታድሪ ብዬ መንገዱን ልሞክር ነበር።»

መቼም የፈራሁት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ፤ ግን ድምፄን ያዝኩት። አጥፋው፣ ተሳፋሪዎቹን ማደሪያ አስገባ፣ አንተም እዚያው እደር፣ ነገ ይታያል አልኩት። እሺ አለ። ስልኩን ግን እንደ ወትሮው ቶሎ አልዘጋውም፤ ስለ ጭቃው፣ ስለረጠበው ካልሲው፣ ስለማይረባው ሁሉ አወራኝ።

ከዘጋው በኋላ ራቱን ከደንኩለት። ሁልጊዜ እሱ እስኪገባ ገርበብ የማደርገውን በር ሄጄ ከውስጥ ቀረቀርኩት።