የወርቅዬ አቋራጭ

ዘበነ የታናሽ ወንድሙን የደጀኔን ሞት ከአዲስ አበባ በስልክ ሲሰማ ምንም አልተሰማውም። ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር ካለው ቢሮው ተቀምጦ «እሺ፣ እግዜር ያጥናን» ብሎ ስልኩን ዘጋና የጀመረውን ንድፍ ጨረሰ። እንባው የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። ያሳሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ወርቅዬ። እናታቸው ያረፉ ጊዜ አንድ ወሬ የማያድርበት ዘመድ ደውሎ ባቡር ውስጥ አርድቷታል። ከማያውቋት ፈረንጆች መሃል ብቻዋን ጮኸች። ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛ መርዶ ብቻዬን እንዳልሰማ» ብላ ዘበነን አስምላዋለች።

የዘበነ እንጀራ የእግረኛ መንገድ መንደፍ ነው። «ሰው እንዲህ አይሄድም እኮ፤ ለምን እንዲህ ትሠሩታላችሁ?» ብሎ ያልጠየቀው የለም። እሱም መልሱን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ይወጣዋል። መንገዱ የሚከተለው የመሬቱን ድንበር፣ የውሃውን ቱቦ፣ የመኪናውን መታጠፊያ ነው፤ እግረኛው ግን የሚያስበው የሚደርስበትን ብቻ ነው። ሰው ሣሩን ረግጦ አቋራጭ ሲያወጣ እነዘበነ ሽቦ ያስወጥራሉ። እሱ ራሱ ስዊዘርላንድ ከገባ ሣር ረግጦ አያውቅም። ይሄም ጽድቅ ሆኖ ይቆጠርልኛል ብሎ ሳያስብ አይቀርም።

የዚያኑ ዕለት ጄኔቭ ወረደ። ፓኪ ሰፈር ከሚኖረው ጓደኛው ከሱራፌል ቤት አደረ። መርዶ በጠዋት ነው፤ ወርቅዬ ለሥራ ሳትወጣ መድረስ አለባቸው። ሱራፌል ከቤተ ክርስቲያን እትዬ ሕብስትን ጠርቷል።

«ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምን አስቸገርካቸው?» አለ ዘበነ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለው ሱራፌል።

ሲነጋጋ ቨርሷ ከባቡር ወረዱ። የወርቅዬ ሕንፃ ከሰፊ ሣር ማዶ ይታያል። ትሮቷሩ፣ የእግረኛው መንገድ፣ ሣሩን ዙሪያውን ይዞረዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግን መሃል ለመሃል ረግጦ አፈር ያደረገው ቀጭን መንገድ አለ። በባቡሩ በኩል ዳሩ ላይ ሽቦ ተወጥሯል።

«አንተ በዚህ አቋርጥና በሩ ላይ ያዛት። እኔ እትዬን ይዤ እዞራለሁ» አለ ሱራፌል።

«ታጥሯል እኮ። በመንገዱ እንሂድ» አለ ዘበነ።

ሐዘንተኛን በመርዶ ጠዋት ማን ይከራከረዋል? ተከተሉት። እትዬ ሕብስት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሱራፌል ክንድ ተደግፈው፣ ቀስ እያሉ።

ግማሽ እንደሄዱ ወርቅዬ ከበሩ ወጣች። ቦርሳዋን አንግታ፣ እንደ ልማዷ በአቋራጩ ወደ ባቡሩ ትጣደፋለች። ሣሩ መሃል ስትደርስ ቀና አለች። ዙሪክ መሆን ያለበትን ወንድሟን፣ ጥቁር የለበሰውን ሱራፌልን፣ የእትዬ ሕብስትን ነጠላ አየች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

«ዘበነ! ማነው? ማነው የሞተብኝ?»

ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳታል። የዘበነ እግር ግን ወደ እሷ አልዞረም። በትሮቷሩ ወደፊት ሮጠ። የመኪና ማቆሚያውን አለፈ፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹን አለፈ፣ ጥጉን ታጠፈ። ጩኸቷ ከጎኑ አልተለየውም። አንድ ሁለት መስኮት ተከፈተ፤ የወረደ ሰው ግን አልነበረም። ወርቅዬ ደረቷን እየመታች ስሙን ትጠራለች። እሱ ይሮጣል፤ ሆዱ ውስጥ ምንም የለም፤ የሚያስበው ሽቦ የሌለበትን መግቢያ ብቻ ነው።

በሕንፃው በር በኩል ዞሮ ሲደርስ ድምጿ ተዘግቷል። አፈሩ ላይ ተቀምጣለች። ተንበርክኮ አቀፋት። እጇን አላነሳችም።

«ደጀኔ ነው» አላት።

አንገቷን ነቀነቀች።

«አይተኸኝ ነበር እኮ። እየጠራሁህ ለምን ዞርክ?»

ዘበነ ቀና ብሎ ሽቦውን አየ። ከጉልበቱ በታች ነው፤ ሕፃን ይሻገረዋል።

«እንጃ፣ እታለም» አላት።

ሱራፌልና እትዬ ሕብስት አሁን ጥጉን እየታጠፉ ነበር። ወርቅዬ ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ከእቅፉ ወጣች። ብቻዋን አልቅሳ ጨርሳ ነበር።